ቀኑን ንገሪኝ

አቴና፣ ኤፕሪል 17

ውድ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ መርከቡ ላይ ትንሽ ካቅለሸለሸኝ በቀር በሰላም ገብቻለሁ። ጋሽ ዛኒስ፣ ይህን ለአባቴ የሚያነቡለት እርስዎ ስለሆኑ ለእርስዎም ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጉሮሮዎን እግዜር ያበርታልኝ።

በፋሲካ ማግስት፣ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት ስለጮህኩብህ ይቅር በለኝ። ለአክስቴ «ጆሮው ስለማይሰማ ነው» ብያታለሁ። ውሸቴን ነው፤ ተናድጄ ነበር። የበጉን ሥጋ ሳትጨርስ ተነስተህ ወደ በርሜሎችህ መሄድህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አዎ፣ የቤቱ ግድግዳ ላይ በኖራ የደፈንከው ስንጥቅ ተመልሶ ተከፍቷል። አዎ፣ ጣቴ ይገባበታል፤ አስገብቼ አይቻለሁ። ለምን እንደሚከፈት ደግሞ በራስህ ሙያ ልንገርህ። ምድር ከላይ ስትታይ አንድ ወጥ ትመስላለች እንጂ እንደ በርሜል ከጣውላ ከጣውላ የተገጣጠመች ናት። ልዩነቱ፣ ጣውላዎቿን የሚይዝ የብረት ቀለበት የላትም። በደቡብ ያለው ትልቁ ጣውላ አፍሪካን ተሸክሞ ወደኛ ይገፋል። ከደሴታችን በስተምዕራብ፣ ከባሕሩ ሥር፣ ሁለት ጣውላዎች ጎን ለጎን ይፋተጋሉ፤ በዓመት የአንድ ጣት ውፍረት ያህል። ይያያዛሉ፣ ተያይዘውም ብዙ ዘመን ይቆያሉ፤ ግፊቱ ግን አይቆምም። አንድ ቀን ይላቀቃሉ። እናቴን የወሰዳት እንደዚያ ያለ ቀን ነው።

አባዬ፣ ከ1953ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ቤቱን በዚያው በፈረሰው ድንጋይ ነው መልሰህ የሠራኸው። ከደጅህ ሠላሳ እርምጃ ርቆ መንግሥት የሰጠህ የሲሚንቶ ቤት አለ፤ ዝቅ ያለ፣ ውስጡ ብረት ያለው፣ እንደሱ ላለው ቀን ተብሎ የተሠራ። እዚያ ውስጥ የሚኖረው ግን የጎረቤትህ የሎቨርዶስ አይብ ነው። አይቡን ወደ ድንጋዩ ቤት አዛውረውና አንተ ወደ አይቡ ቤት ግባ። ሌላ ምንም አልለምንህም።

ልጅህ ሩቢና


ስካራታ፣ ሜይ 3

ለልጄ ለሩቢና፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እኔ እናገራለሁ፣ ዛኒስ ይጽፋል። ስለዚህ ቁጣ ካገኘሽበት የኔ ነው፤ የፊደል ግድፈት ካገኘሽበት የፖስተኛው ነው።

ደብዳቤሽ እንደ ወትሮው ቡና ቤት ተነበበ። ዛኒስ ወንበር ላይ ወጥቶ እንደ ጳጳስ ጮኸ፤ እኔ ደህናውን ጆሮዬን ደግኜ ሰማሁ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ብረት በመዶሻ ሲቀጠቅጥ ለኖረ ሰው በሹክሹክታ አይነበብለትም፤ ስለዚህ አገሩ ሁሉ አብሮኝ ሰምቷል። አፍሪካ ትገፋናለች ስትዪ ቄስ ኒቆዲሞስ «ምን በድለናት?» አሉ። ፀጉር አስተካካዩ አንጀሎስ «ተሰብስበን መልሰን እንግፋት!» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። ሳቅን። የበርሜሉን ነገር ግን ወደድኩት። ቀለበት የሌለው በርሜል የሠራ ሰው እንደኔ ኃላፊነት አይሰማውም ማለት ነው፤ ይህን ለቄሱ አልነገርኩም።

ስለ ቤቱ። ያ የሲሚንቶ ቤት ቀዝቃዛ ነው። አይብ ይወደዋል፣ ጉልበቴ አይወደውም። ደግሞስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖረን አይብ ተነስ ይባላል?

አንድ ነገር ልበልሽ። ሰው መጥቶ በርሜሌ መቼ ይደርሳል ሲለኝ ሐሙስ እለዋለሁ፤ ሐሙስ ይደርሳል። አንቺ ስንት ዓመት ተምረሽ፣ ስንት መሣሪያ ሰጥተውሽ፣ አንድ ቀን ይላቀቃሉ ትይኛለሽ። የትኛው ቀን? ቀኑን ንገሪኝ። ቀኑን ከነገርሽኝ በገዛ እግሬ እወጣለሁ፣ አልከራከርሽም። ያለ ቀን ግን ሰው ቤቱን ጥሎ አይወጣም።

እናትሽ በሞተችበት ክፍል ውስጥ ትተኛለህ ብለሽ በሰው ፊት ተናግረሻል። እዚያ የምተኛው ለዚያ ነው።

አባትሽ ፓናጊስ

ከጸሐፊው፦ ሩቢና ልጄ፣ የመጨረሻውን ሲያስጽፈኝ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። እሱ ዝቅ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ዛኒስ።


አቴና፣ ጁን 2

ውድ አባዬ፣

ስለ ጤናዬ አትጨነቅ፣ እበላለሁ። እጮኛዬ ስለነበረው መሐንዲስ ደግሞ ተወው፤ ያ ነገር አልቋል፣ ጋሽ ዛኒስም ሁለተኛ ጊዜ ጮክ ብለው አያነቡብኝ።

ቀን የለኝም። ከኔ የሚበልጡ አስተማሪዎቼም የላቸውም፤ አሜሪካም ጃፓንም የለም። የምሠራበት ክፍል ውስጥ ወረቀት የተጠቀለለበት ከበሮ አለ፤ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ መርፌ ቀለም እየነካ መስመር ያሰምርበታል። ምድር ስትነቃነቅ መርፌው ይንቀጠቀጣል። እኔ የማየው ያለፈውን ነው። አንድ ነገር ሲመጣ የማውቀው እግራችሁ ሥር ካለፈ በኋላ ነው።

የት እንደሆነ እናውቃለን። ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችልም በግምት እንናገራለን። መቼ የሚለው ላይ ግን ከፍየሎችህ አልበልጥም። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ስልክ ደውላ ልጄን በሴፕቴምበር ልዳራት ወይስ ይቆይ ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ዳሪያት አልኳት። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ስለሷ ሳስብ ዋልኩ።

ሐሙስ ማለት ብችል ሐሙስ እልህ ነበር አባዬ።

እስከዚያው ቢያንስ አልጋህን ከትልቁ የጣራ ወራጅ ሥር ወደ በሩ አስጠጋልኝ።

ሩቢና


አቴና፣ ኦገስት 10

ለጋሽ ዛኒስ ብቻ፦ ከዚህ በታች ያለውን ቡና ቤት አያንብቡት። ቤቱ ይውሰዱት፣ በሩን ይዝጉና በደህናው ጆሮው ቀስ ብለው ያንብቡለት። በልጆችዎ ይዤዎታለሁ።

አባዬ፣

ለመዘግየቴ ይቅርታ። የላክኸው ወይን ደርሶኛል።

ቀኑን ንገሪኝ ብለኸኝ ነበር፤ አግኝቼዋለሁ። ከኦገስት 27 እስከ ሴፕቴምበር 3 ባሉት ስምንት ቀናት ወደ ቤት እንዳትገባ። አትተኛበት፣ ምሳም አትብላበት። እንዴት እንዳወቅኩ በደብዳቤ አይጻፍም። ለማንም አትናገር፤ ከተሰማ ከሥራዬ እባረራለሁ።

ቃል ገብተህልኛል። በገዛ እግሬ እወጣለሁ ብለሃል። በነዚያ ቀናት የአይቡን ቤት ከለመድከው ደግሞ እዚያው ብትቀር ደስ ይለኛል።

ሩቢና


ስካራታ፣ ሴፕቴምበር 6

ለልጄ ለሩቢና፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ወገቤን ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ።

ዛኒስ እንዳልሽው አደረገ። በሩን ዘጋ፤ በጆሮዬ አነበበልኝ። «ኧ?» አልኩት። ደግሞ አነበበልኝ። «ሃያ ሰባት ምን?» አልኩት። በሦስተኛው ትዕግሥቱ አለቀና በነፍሱ ጮኸ። በሩ ተዘግቶ ነበር፤ መስኮቱ ግን የኦገስት መስኮት ነው፣ ክፍት ነበር። ሮዛሊያ ከመስኮቱ ሥር ልብስ ታሰጣ ነበር። ቅርጫቷን ጥላ ሮጠች። ፀሐይ ሳትጠልቅ አገሩ ሁሉ ሰማ፤ በሃያ ስድስተኛው ማታ ስካራታ ፍራሽ ተሸክማ ወጣች።

ስምንት ቀን ሙሉ ከወይራው ሥር ሰፈርን። መጀመሪያ ሰርግ ይመስል ነበር፤ እንዲያውም የላቭሬንቲስ ልጅ እዚያው ተዳረች፣ ቄሱ ዘውዱን ከወይራ ቅርንጫፍ ሥር አጎንብሰው ጫኑላት። በአምስተኛው ቀን ሕፃናቱ ሆዳቸው ታመመ። ወይኑ ግንዱ ላይ ሳይለቀም ተርብ በላው። አሮጊቷ ኬርኪራ በጨለማ ሄዳ ጉድጓድ ውስጥ ገባች፣ እግሯን ወለም አላት። በስምንተኛው ቀን ሁሉም ቁጭ ብሎ እኔን ያይ ጀመር፤ መሬቱን እኔ ይዤው የከለከልኩ ይመስል።

ቅጠል አልተነቃነቀም ልጄ።

በማግስቱ ፍራሻቸውን ተሸክመው በደጄ ሲያልፉ አንድ በአንድ እያንኳኩ አለፉ። «ፓናጊስ! ጠዋት ነው ወይስ ማታ ነው ያለችህ?» «ፓናጊስ! ሐሙስ አትልም ነበር እንዴ?» አንጀሎስ ደግሞ አፍሪካ የዓመት ፈቃድ ወጥታ ነው አለ። እኔም ሳቅኩላቸው። አልሰማሁም ብዬ ያለፍኩትም አለ፤ ደንቆሮነት አንዳንዴ ይጠቅማል።

እኔ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ቀን ሰጠሽኝ፣ ወጣሁ፣ በሰባ አንድ ዓመቴ ድንጋይ ላይ ተኛሁ። አሁን ወደ ቤቴ ገብቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ተሳስተሽ ነው ወይስ እኔን ለማስወጣት ብለሽ ነው? ማንኛውም ቢሆን አልቆጣም። ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።

አባትሽ ፓናጊስ

ከጸሐፊው፦ ሃምሳ አለቃው ፖሊስ ጣቢያ አስጠርቶኝ ነበር። የወታደሮቹን ዘመን ታውቂዋለሽ። ከእንግዲህ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ አንዲት ቃል ጮክ ብለህ ብታነብ የፖስታ ቦርሳውን ሌላ ሰው ያነግተዋል አለኝ። አስቢልኝ። ዛኒስ።


አቴና፣ ሴፕቴምበር 12

ውድ አባዬ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? ወገብህ ተሻለህ? አክስቴ ጉልበትህን የምትቀባው ዘይት ትልክልሃለች፤ ሐሳቧ ካንተ አልተለየም፤ እንደ ሁልጊዜው ለምን አልመጣም ትላለች። እኔ ደህና ነኝ። አቴና ሙቀቱ ገና አልበረደም። ለሎቨርዶስም ለቄሱም ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለጥያቄህ መልሱ በሁለተኛው ገጽ ነው።

ጋሽ ዛኒስ፣ ይህን ሁለተኛውን ገጽ እንደፈለጉ ጮክ ብለው ያንብቡት። ሁሉም ይስማ።

ዋሸሁህ አባዬ። ምንም አላወቅኩም። ቀኖቹን ከቀን መቁጠሪያ ላይ በጣቴ ነው የመረጥኳቸው፤ አየሩ ገና ሞቃት የሆነበትንና ከወይን ለቀማው የሚቀድመውን ሳምንት ፈለግኩ። ስምንት ቀን ከወጣህ ትለምደዋለህ ብዬ ነው። መንደሩ ይወጣል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። የአሮጊቷ እግር፣ የሕፃናቱ ሆድ፣ ያላገጡብህ ሁሉ የኔ ጥፋት ነው። ይህን ለሁሉም ንገራቸው፤ በኔ ይሳቁ።

አሁን ግን ስማኝ። ከሴፕቴምበር 4 ጀምሮ መርፌው አላረፈም። ከደሴታችን በስተምዕራብ፣ ጣውላዎቹ የሚፋተጉበት ቦታ፣ ሠላሳ አንድ ትንንሽ ንቅናቄ ቆጥሬያለሁ። እናንተ አይሰማችሁም። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው በራሱ ይበርዳል። አንዳንዴ አይበርድም። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። አለቃዬንም ጠየቅኩ፤ ትከሻውን ነቀነቀ፤ እሱም አያውቅም።

ቀን አልሰጥህም፣ የለኝም። ያለ ቀን ውጣልኝ። እስከ ገና ድረስ በአይቡ ቤት ተኛልኝ። ብርዱ ጉልበትህን እንዳይነካው የጋዝ ምድጃ በመርከብ ልኬልሃለሁ፤ አልጋህ አጠገብ አድርገው። ከገና በኋላ ምንም ባይመጣ ተመለስ፤ ዕድሜ ልክህን ላግጥብኝ፣ አንዲት ቃል አልመልስልህም። ምድጃው ሲደርስህ አንድ ቃል ብቻ ጻፍልኝ፦ ገባሁ በለኝ።

ሩቢና


ስካራታ፣ ሴፕቴምበር 21

ለልጄ ለሩቢና፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አጭር ነው። ዛኒስ በአንድ ትንፋሽ ነው የጨረሰው፤ ቡና ቤቱም ሰው ሞልቶበት ነበርና ሁሉም ምን አለች፣ ምን አለች ሲል ሰላም ብላችኋለች አልኳቸው።

አንድ ነገር ጠይቄሽ ነበር። መልስ አላገኘሁም። አፍረሽ ነው ብዬ ወሰድኩት። እኔም ከዚህ በኋላ አልጠይቅሽም፤ ይለፍ። አባት ልጁን ሁለት ጊዜ አያሳፍርም።

ምድጃ በመርከብ መጣልኝ። ጥሩ ምድጃ ነው፤ ለምን እንደላክሽው ግን ደብዳቤሽ አይልም። ክረምቱ ገና ስለሆነ በርሜል ማደሻው ክፍል አስቀምጬዋለሁ፤ ሙጫ ሳቀልጥ ይሆነኛል።

ስንጥቁን ደግሞ ደፈንኩት። በዚህ ጊዜ በኖራ ሳይሆን በሲሚንቶ ነው፤ ስትመጪ ጣትሽን አስገብተሽ እይው፣ አይገባም።

ከተርብ የተረፈው ወይን ተለቅሟል። ትንሽ ነው፤ ጣፋጭ ነው። አንቺም መሳቅ ካቆምሽ ቆየሽ መሰለኝ፣ ብትመጪ ደስ ይለኛል። የበዓል ቀን መጠበቅ የለብሽም።

አባትሽ ፓናጊስ


ስካራታ፣ ኦክቶበር 10

ለሩቢና፣

«ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ብዬ ለመጀመር ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። እንዴት እንደሆንሽ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን የምጽፈው እኔው ዛኒስ ነኝ፤ ማንም አያስጽፈኝም።

የአባትሽ መቃብር አጠገብ ክንዴን ይዘሽ አንድ ነገር ጠየቅሽኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩልሽ። ከዚያ ለሙታኑ መታሰቢያ የሚታደለው ቅቅል ስንዴ ሳይታደል ጥዬ ሄድኩ፤ ታሟል አሉሽ። አልታመምኩም። ራሴን የነቀነቅኩት ውሸቴን ነው። አባትሽ አልሰማም። ሁለተኛውን ገጽ አላነበብኩለትም።

የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩ፦ ሰላምታውን፣ የአክስትሽን ዘይት። ለጥያቄህ መልሱ በሁለተኛው ገጽ ነው የምትለዋን ዓይኔ ቀድሞ አይቷት፣ መልሱን መጀመሪያ ለራሴ ልየው ብዬ ዘለልኳት። ሁለተኛውን ስገልጥ «ዋሸሁህ» የሚለው ቃል ዓይኔ ላይ ወደቀ። ሃምሳ አለቃው ጥጉ ላይ ተቀምጦ ነበር። እሱን ፈርቼ ነው ብል ይቀለኝ ነበር፤ እሱንም ፈርቻለሁ። ግን አባትሽን አየሁት። ጆሮውን ደግኖ፣ አፉን ከፈት አድርጎ ይጠብቃል። ሁሉም ይስማ ብለሽ ጽፈሻል። አንቺ አቴና ሆነሽ ሁሉም ይስማ ማለት ይቀልሻል። እኔ እነዚያ ሲያላግጡበት የከረሙ ሰዎች መሀል ቆሜ፣ ልጅህ ዋሽታሃለች ብዬ በጩኸት ልንገረው? አጠፍኩት። «ሌላስ?» አለኝ። «ሰላም ትልሃለች» አልኩት።

ለብቻው አነብለታለሁ ብዬ ነበር። እውነቴን ነው፣ ብዬ ነበር። መጀመሪያ ወይን ለቀማው መጣ፣ ቀጥሎ ጉንፋን ያዘኝ፣ ቀጥሎ ቀረ። ምድጃው ሲመጣ ልቤ ጠረጠረ፤ ደብዳቤውን ግን አልገለጥኩትም። የመጨረሻውን ደብዳቤውን ሲያስጽፈኝም እጄ እየጻፈ አፌ ዝም አለ። ውሸትሽን ብቻ የደበቅኩለት መስሎኝ ነበር። የቀረውን ያነበብኩት ከሞተ በኋላ ነው። ሠላሳ አንድ የሚለውን። ያለ ቀን ውጣልኝ የሚለውን።

ሰው ያልነገረሽ እንዳይኖር ይህንንም ልጻፈው። እሑድ ከምሳ በኋላ ነበር፣ ሰው ሁሉ ጋደም ባለበት። መጀመሪያ ትንሹ ነቀነቀን፤ ሁላችንም ሮጠን ወጣን። እሱ አልወጣም። ሮዛሊያ በሩን ደበደበች፤ እኔ በመስኮቱ ጮህኩ፤ አገሩ ሁሉ ስሙን ጠራ። በደህናው ጆሮው በኩል ተኝቶ ነበር መሰለኝ። አንጀሎስ በሩን በትከሻው ሊሰብር ሁለት ጊዜ መታው። ያ አላጋጭ አንጀሎስ። ከዚያ ትልቁ መጣ። የአንጀሎስ ክንድ ተሰብሯል፤ የሱን ክንድ ሳይ እንኳ እቀናለሁ።

ደብዳቤሽን ቢሰማ ኖሮ ወደ አይቡ ቤት ይገባ ነበር ወይ? ያን አንቺ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው የምጽፍልሽ፤ አውቀሽው ከሆነ።

አሁን ደግሞ የምለምንሽ አለኝ፤ ለመለመን ፊት ባይኖረኝም። አገሩ ሜዳ ላይ ነው። ዝናቡ ጀምሯል። የሲሚንቶ ቤቶቹ አንድም አልተሰነጠቁም፣ የአባትሽም ጭምር፤ ሰው ግን ጣራ ሥር አልገባም ብሏል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይነቀንቀናል። የሮዛሊያ ትንሹ ልጅ ሳል ይዞታል፣ ደረቱ ያፏጫል። ጠዋት ጠዋት ቦርሳዬን ከበው «ሩቢና ምን አለች? መቼ ነው የሚያበቃው?» ይሉኛል። ትናንት ሃምሳ አለቃው ራሱ ኮፍያውን አውልቆ ጠየቀኝ። ቀን ላኪልን። ባታውቂውም ላኪልን። እስከዚህ ቀን ድረስ ነው ብትይን ሰው ይገባል፣ ይተኛል። የኦገስቱን ነገር ይቅር ብለውሻል፤ እንዲያውም ያን ጊዜ አውቃ ነው፣ ትንሽ ቀን ነው የሳተችው ይላሉ።

ዛኒስ


አቴና፣ ኦክቶበር 16

ጋሽ ዛኒስ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ይቅር ብዬዎታለሁ እንድል ይጠብቁ ይሆናል፤ ገና አልቻልኩም። ቂም ይዤብዎታለሁ እንዳልልም መጀመሪያ የዋሸሁት እኔ ነኝ። እርስዎ የደበቁት የኔን ውሸት ነው፤ እውነቱ አብሮት ታጥፎ ቀረ።

ይገባ ነበር ወይ ላሉኝ፣ አንዳንድ ቀን ምድጃውን አንጠልጥሎ እያጉረመረመ ወደ አይቡ ቤት ሲገባ ይታየኛል። ሌላ ቀን «ጉልበቴ!» ብሎ ፊቱን ሲያዞርብኝ እሰማዋለሁ። አባቴ ነበር፤ ሠላሳ አራት ዓመት አውቀዋለሁ፤ ይህችን አንዲት ነገር ግን አላውቅም።

ከዚህ በታች ያለውን ሜዳው ላይ፣ ወንበር ላይ ቆመው ያንብቡላቸው። አንዲት ቃል አይዝለሉ።

የስካራታ ሰዎች፣ አባቴን ስለቀበራችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንጀሎስ፣ ስለ ክንድህ ምን እንደምልህ አላውቅም።

በኦገስት የነገርኳችሁ ቀን ውሸት ነበር። ትንሽ ቀን አልሳትኩም፤ ከራሴ ነው የፈጠርኩት።

ሕፃናቱን ይዛችሁ ወደ ሲሚንቶ ቤቶቹ ግቡ። እነዚያ ቤቶች ከዚህ የባሰ ቢመጣ እንኳ እንዲቆሙ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ይህን ማለት የምችለው አውቄ ነው። የአባቴን ቤት ክፈቱና አይቡን አውጡት፤ ሮዛሊያ ልጇን ይዛ ትግባበት። ምድጃው በርሜል ማደሻው ክፍል ውስጥ ካልተቀበረ እሷ ትውሰደው። ወደ ድንጋይ ቤት ማንም እንዳይመለስ፤ ስንጥቁን በምንም ቢደፍነው።

መቼ ያበቃል ላላችሁኝ፣ አላውቅም። ንቅናቄው ብዙውን ጊዜ እያነሰ ይሄዳል፤ እንደሚያንስ ግን አልምልላችሁም። ሌላ ትልቅ ይመጣል ወይ ላላችሁኝ፣ በልጅ ልጆቻችሁ ዘመንም ሊሆን ይችላል፣ ይህ ደብዳቤ እየተነበበም ሊሆን ይችላል። ቀን ላኪልን ብላችኋል። የለኝም። በዓለም ላይ ያለው ሰው የለም። አለኝ የሚል ከመጣ እንዳታምኑት፤ እኔም ብሆን።

እዚህ ላይ ደብዳቤው ያልቃል ጋሽ ዛኒስ። ከወንበሩ ሲወርዱ ታውቃለች፣ ደብቃን ነው የሚል አይጠፋም። ብታውቅ ኖሮ አባቷን ታወጣው ነበር ይበሉት።

ሩቢና